በአልፕስ ግርጌ፦ የፒየሞንቴ ገበያዎች፣ ፊዬራዎችና የመንደር በዓላት

በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ የሚገኘው የፒየሞንቴ ክልል በሰሜንና በምዕራብ በአልፕስ፣ በደቡብ ደግሞ በአፔኒን ሰንሰለት ጫፍ የታጠረ ሲሆን፣ በመካከሉ የፖ ወንዝ የሚያጠጣው ሜዳ ተዘርግቶ፣ በሜዳውና በተራራው መካከል ላንጌ፣ ሮኤሮና ሞንፌራቶ የሚባሉት የወይን ኮረብታዎች ይገኛሉ። በዚህ አገር ገበያን የወለደው ከሁሉ በፊት ይኸው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ተራራው ከብት፣ አይብ፣ ሱፍና ካስታኛ የተባለውን ተጠብሶ የሚበላ የዛፍ ፍሬ ሲሰጥ እህልና ወይን ጠጅ ያጥረዋል፤ ሜዳው ስንዴና ሩዝ፣ ኮረብታው ወይን ጠጅ ያወጣል፤ ሁሉም የሚሹት ጨው ግን በክልሉ ውስጥ ስለማይገኝ ከተራሮቹ ማዶ፣ ከሊጉሪያና ከፕሮቫንስ የባሕር ዳርቻ፣ በበቅሎ ተጭኖ ይመጣ ነበር። በመሆኑም ኩኔዮ፣ ሳሉዞ፣ ፒኔሮሎና ኢቭሬያን የመሰሉት የቆዩ የገበያ ከተሞች የተቆረቆሩት የተራራው ሸለቆ ከሜዳው ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው።

በፒየሞንቴ ሦስት ዓይነት መሰባሰቢያዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስሙ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ያልሆነው መርካቶ፣ ማለትም በሳምንቱ የታወቀ ቀን በከተማው አደባባይ የሚውለው መደበኛ ገበያ ነው። ሁለተኛው ፊዬራ የሚባለው ሲሆን፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅዱስ ክብረ በዓል ዙሪያ፣ ከሩቅ አገር ጭምር ነጋዴ የሚጠራ ትልቅ ገበያ ነው። ሦስተኛው ሳግራ ነው፤ ይህ መነሻው የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት የሚከበርበት ዕለት ሆኖ፣ ዛሬ ግን አንድ መንደር በሚታወቅበት ምግብ ወይም መጠጥ ስም የሚያዘጋጀውን ግብዣ መሰል በዓል የሚያመለክት ስያሜ ሆኗል። ሦስቱ በተግባር ይደባለቃሉ፤ ፊዬራ በሚውልበት ቀን ሳምንታዊው ገበያም አብሮ ይቆማል፣ ሳግራም ያለ ሻጭ አይደምቅም። ሆኖም ልዩነታቸውን መያዝ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ለጎብኚ «ከጥንት የመጣ» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ፊዬራና ሳግራ የዛሬ መልኩን ያገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ የታወቁ ሰዎች ለታወቀ የንግድ ወይም የፖለቲካ ምክንያት ባደረጉት ውሳኔ ሲሆን፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የዘለቀው ግን ማንም የማያስተዋውቀው ሳምንታዊው ገበያ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከለኛው ዘመን ገበያ ማቆም ማንም እንደፈለገ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ጳጳሱ ወይም የአካባቢው መስፍን ለከተማው የሚሰጡት መብት ሲሆን፣ መብቱን የያዘ ከተማ ከሻጩ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ሚዛንና መስፈሪያ ይቆጣጠራል፣ ወደ ገበያ የሚመጣውንም ሰው ከዘራፊ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ዕለቱም ቢሆን በዘፈቀደ አይወሰንም፤ ጎረቤታም ከተሞች በአንድ ቀን ቢገበዩ አንዱ የሌላውን ገበያተኛ ስለሚወስድ ቀናቱን ተከፋፍለዋል። ይህ ክፍፍል ዛሬም አለ። ኩኔዮና ዶሊያኒ ማክሰኞ፣ ካሩ ሐሙስ፣ ኒዛ ሞንፌራቶ ዓርብ፣ አልባ ቅዳሜ ይገበያሉ፤ አምቡላንቴ የሚባለው ተዘዋዋሪ ነጋዴም ዕቃውን በመኪና ጭኖ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ ሳምንቱን ይጨርሳል።

በ1198 የተቆረቆረችው ኩኔዮ ለዚህ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማይቱ ስቱራና ጄሶ የተባሉ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ሾጣጣ አምባ ላይ የተሠራች ሲሆን፣ ዋናው መንገዷ ግራና ቀኙ በቅስት በተያዘ የደጅ መተላለፊያ የተሸፈነ ነው፤ ይህ ፖርቲኮ የሚባለው አሠራር ሻጭና ገዢ ዝናብና በረዶ ሳይበግራቸው እንዲገበያዩ የሚያስችል በመሆኑ በክልሉ የገበያ ከተሞች ሁሉ ይዘወተራል። ማክሰኞ ጠዋት የጋሊምቤርቲ አደባባይና አካባቢው በድንኳን ይሞላል። ቋሚ ቦታ ያለው ነጋዴ ፈቃዱ በተራ ቁጥር የተመዘገበ ነው፤ ቋሚ ቦታ የሌለው ግን ስፑንታ በሚባለው ሥርዓት ይተዳደራል፤ ይኸውም ማልዶ መጥቶ ይሰለፍና በዚያ ዕለት የቀረ ሰው ካለ፣ በገበያው ብዙ ጊዜ በመገኘት የሚበልጠው ቅድሚያ አግኝቶ፣ የቀረውን ሰው ቦታ ለአንድ ቀን ይይዛል። አንዳንዱ ሰው ለዓመታት በዚህ መንገድ ሲሠራ ይኖራል፤ ቦታ ያላገኘበት ቀን ነዳጁን ከስሮ ከመመለስ በቀር አማራጭ የለውም።

የክልሉ ዋና ከተማ ቶሪኖ ግን በየቀኑ የሚገበያይ ገበያ አላት። ፖርታ ፓላዞ በሚባለው ሰፈር፣ ስምንት ማዕዘን ባለው የሪፐብሊክ አደባባይ የሚውለው ይህ ገበያ ወደ 50,000 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ በአውሮፓ ካሉት ክፍት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። አመጣጡ ከበሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1835 የኮሌራ ወረርሽኝ ሲያሰጋ የከተማው አስተዳደር በመሐል ከተማ ጠባብ አደባባዮች ተጨናንቀው የነበሩትን አትክልትና ሥጋ ሻጮች ንጹሕ አየር ወዳለበት ወደዚህ ዳርቻ አዛወራቸው። ከዚያ ወዲህ የቶሪኖ የሕዝብ ታሪክ በዚህ አደባባይ ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፊያት የመኪና ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከደቡብ ኢጣሊያ የጎረፈው ሠራተኛ ቲማቲሙን፣ በርበሬውንና የወይራ ፍሬውን ይዞ መጣ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሞሮኳውያን፣ ቀጥሎም ሮማኒያውያን፣ ቻይናውያንና ናይጄሪያውያን ተከተሉ። በአንድ ጥግ የአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው ያመረቱትን ብቻ የሚሸጡበት የተለየ ጣሪያ አለ። ከአደባባዩ ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሎን የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይውላል፤ በወሩ ሁለተኛ እሑድም «ትልቁ ባሎን» ይቆማል።

ወደ ከተሞቹ ገበያ ከተራራ የሚወርድ ሻጭም ነበር፤ በዚህ ረገድ ከኩኔዮ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የማይራ ሸለቆ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ክረምቱ ረጅም፣ አፈሩ ስስ ስለሆነ የሸለቆው ወንዶች አዝመራቸውን ከሰበሰቡ በኋላ በጋሪ በርሜል ጭነው ወደ ሜዳው ይወርዱና እስከ ጸደይ ድረስ በሰሜን ኢጣሊያ ከተሞች ሁሉ እየዞሩ በጨው የታሸ አንቾቪ፣ ማለትም ጣት የማትሞላ የባሕር ዓሣ፣ ይሸጡ ነበር። ባሕር በሌለበት ተራራ የተወለደ ሰው የዓሣ ነጋዴ መሆኑ የሚገርም ይመስላል፤ መልሱ ግን በጨው መንገዶቹ ላይ ነው። ጨው የሚጓዝበት መንገድ ሁሉ በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣም ያጓጉዛል። የጨው ቀረጥ ከባድ ስለነበር ኮንትሮባንዲስቶች በበርሜሉ ላይ አንቾቪ እየደረደሩ ሥሩን ጨው ይሞሉት ነበር የሚለው ወሬም ለዘመናት ሲነገር ቆይቷል፤ እውነትነቱን ማረጋገጥ ባይቻልም አገሬው ይወደዋል። የሆነ ሆኖ የፒየሞንቴ ዝነኛ ምግብ የሆነው ባኛ ካውዳ የተወለደው ከዚህ ንግድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና አንቾቪ በወይራ ዘይት ተንተክትኮ፣ ሸክላው ከሥሩ በሚነድ ፍም እንደሞቀ በገበታ መካከል ይቀመጥና ሁሉም ሰው ጥሬም ሆነ የበሰለ አትክልት እያጠቀሰ ይበላል።

የዚሁ ሸለቆ ከፍተኛ መንደር የሆነችው ኤልቫ ደግሞ በሌላ ዓይነት ሸቀጥ ትታወቅ ነበር። የኤልቫ ሰዎች በየገበያውና በየመንደሩ እየዞሩ የድሆች ሴቶችን ፀጉር በጥቂት ገንዘብ ወይም በጨርቅ ይገዙ፣ ከዚያም አጥበውና አበጥረው፣ በርዝመትና በቀለም ለይተው፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ለሚሠሩ የውጭ አገር ነጋዴዎች ይልኩ ነበር። በመንደሩ ይህን ንግድ የሚያስታውስ ሙዚየም አለ። ከዚህ የሚከፋውም ገበያ ነበር፤ ከኩኔዮ ሸለቆዎች የተነሡ ልጆች ድንበር ተሻግረው በፈረንሳይዋ ባርሴሎኔት ከተማ በጸደይ ገበያ ይቀርቡና፣ የፈረንሳይ ገበሬዎች ለበጋው ወራት በእረኝነት ይቀጥሯቸው ነበር። ጸሐፊው ኑቶ ሬቬሊ በ1977 ባሳተመው የተሸናፊዎቹ ዓለም በተባለ መጽሐፉ የእነዚህን ሸለቆዎች ገበሬዎች ምስክርነት ሰብስቧል፤ የድሮ ገበያን እንደ ጨዋታና ዘፈን ብቻ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህን ጎኑን ማወቅ ግድ ይላል።

ወደ ፊዬራዎቹ ስንመጣ አብዛኞቹ ትልልቅ ፊዬራዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ዙሪያ የተሰበሰቡ መሆናቸው ይታያል። ምክንያቱ የግብርናው ዓመት ነው። ኖቬምበር 11 ቀን የሚውለው የቅዱስ ማርቲኖ በዓል የመሬት ኪራይና የእኩል አራሽነት ውል የሚያበቃበት ዕለት ስለነበር፣ ውሉ ያልታደሰለት ገበሬ ቤተሰቡንና ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ሌላ እርሻ የሚዛወረው በዚያ ቀን ነው። ወይኑ ተጠምቋል፣ እህሉ ተሸጧል፣ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ አለ፤ በክረምት መኖ የማይበቃው ከብት መሸጥ አለበት፤ ከተሜውም ለገና የሚያርደውን ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰሞን ሲገናኙ ፊዬራው ራሱን በራሱ ይጠራል።

የካሩ የሰባ ሰንጋ ፊዬራ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ከገበያነቱ ያልራቀው ነው። በላንጌ ኮረብታዎች መግቢያ በምትገኘው በዚህች አነስተኛ ከተማ ፊዬራው በ1910 የተጀመረው የፒየሞንቴ ዝርያ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎችን ከኪሳራ ለማዳንና ዝርያውን ለማስተዋወቅ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከገና በፊት ባለ ሐሙስ ይከበራል። ዝርያው ነጭ ሲሆን፣ ከ1886 ወዲህ መልኩ ተለውጧል፤ በዚያ ዓመት በአልባ አቅራቢያ፣ ጓሬኔ በተባለ ቦታ፣ ጭኑና ዳሌው ከወትሮው እጅግ የወፈረ ኮርማ ተገኘና ገበሬዎች እርሱንና ዘሮቹን እየመረጡ አረቡ። ሳይንስ በኋላ እንዳረጋገጠው ነገሩ የተፈጥሮ የዘረመል ለውጥ ነው፤ ማዮስታቲን የተባለው፣ ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚገታው ፕሮቲን፣ በእነዚህ ከብቶች ላይ በሚገባ አይሠራም። በመሆኑም ሥጋቸው ብዙ፣ ስባቸው ጥቂት ነው። ለፊዬራው የሚቀርበው ሰንጋ ግን ገና ጥጃ ሳለ የተኮላሸ፣ ቢያንስ አራት ዓመት የሞላውና ብዙ ጊዜም ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነው። አራት ዓመት ሙሉ መመገብ ለአርቢው ከባድ ወጪ ስለሆነ፣ የፊዬራው ሽልማትና የሚያመጣው ዋጋ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ሰንጋ የሚያረባ ሰው በተገኘ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ከብቶቹ ገና ሳይነጋ ይደርሳሉ። ዳኞች በእጃቸው እየዳሰሱ፣ በዓይናቸው እየለኩ ያወዳድሯቸዋል፤ ደላላም አለ፤ በድሮው ልማድ ዋጋው የሚቆረጠው በወረቀት ሳይሆን በእጅ መጨባበጥ ነው። አሸናፊው ሰንጋ ጓልድራፓ የሚባል በጥልፍ ያጌጠ ልብስ በጀርባው ይደረብለታል፤ ሰንጋውን የገዛው ልኳንዳ ነጋዴም ጓልድራፓውን በሱቁ ሰቅሎ ለደንበኛው ያሳያል። ጎን ለጎን በማለዳው ምግብ ቤቶቹ ይከፈቱና ቦሊቶ የሚባለውን ቅቅል ያቀርባሉ። ይህ ቅቅል በሙሉ ሥርዓቱ ሲቀርብ ከሰባት የሥጋ ክፍሎች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ባኔት የሚባል ከፓርስሊ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከማይቀረው አንቾቪ የተቀመመ አረንጓዴ ማባያን ጨምሮ በሰባት ዓይነት ማባያ ይበላል።

የአልባ የነጭ ትራፍል ፊዬራ በተቃራኒው አንድ ሰው ሆን ብሎ የፈጠረው ነው። ትራፍል ከመሬት ሥር፣ ከኦክ፣ ከፖፕላርና ከመሳሰሉት ዛፎች ሥር ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንጉዳይ ሲሆን፣ ከዛፉ ስኳር እየወሰደ ለዛፉ ውኃና ማዕድን ይሰጣል። የአልባው ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1788 ቪቶሪዮ ፒኮ ከተባለ የቶሪኖ ሐኪም ነው። ጥቁሩን የትራፍል ዝርያ ዛፍ ተክሎ ማምረት ቢለመድም ነጩ ግን ለእርሻ በቀላሉ አልገዛ ያለ በመሆኑ፣ ሰው የሚያገኘው በውሻ አፍንጫ ብቻ ነው። ትሪፎላው የሚባሉት ፈላጊዎች ፈተና አልፈው ፈቃድ ይይዛሉ፤ የሚወጡትም በአብዛኛው ሌሊት ሲሆን፣ ምክንያቱ የውሻው ትኩረት እንዳይበተን ብቻ ሳይሆን የቦታው ምሥጢር እንዳይወጣም ጭምር ነው። በአሳማ መፈለግን ኢጣሊያ በ1985 ባወጣችው ሕግ ከልክላለች። በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ የኢጣሊያን የትራፍል ፍለጋ ዕውቀት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር መዝግቦታል።

ጃኮሞ ሞራ የተባለ የአልባ የሆቴል ባለቤትና ነጋዴ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በከተማው የወይን መከር በዓል ላይ የትራፍል ውድድርና ዐውደ ርዕይ እንዲታከል አደረገና ከዚያ ራሱን የቻለ ፊዬራ ተወለደ። የሞራ ብልሃት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የበለጠ ታየ፤ በ1949 የዓመቱን ምርጥ ትራፍል ለፊልም ተዋናይቷ ለሪታ ሄይወርዝ ላከ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ለፕሬዚዳንት ትሩማንና ለዊንስተን ቸርችል ላከ፣ ጋዜጦችም ወሬውን ያለ ክፍያ አሠራጩለት። የአልባው ትራፍልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሀብታሞች ምልክት ሆነ። ዛሬ ፊዬራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ለሽያጭ የሚቀርበውን እያንዳንዱን ትራፍል የሠለጠኑ ዳኞች በማየት፣ በመዳሰስና በማሽተት ይመረምሩታል። በአቅራቢያው ባለው የግሪንዛኔ ካቩር ግንብ ከ1999 ጀምሮ የሚካሄደው የበጎ አድራጎት ጨረታ በሩቅ ምሥራቅ ካሉ ገዢዎች ጋር ሳይቀር ይገናኛል።

ስለ አልባ ሲነሣ የአህያ ውድድሯን መዝለል አይቻልም፤ ታሪኩ ግን ከጎረቤቷ ከአስቲ ይጀምራል። የአስቲ ሰዎች በ1275 አልባን በጦርነት ከበው ሳለ፣ ተከባቢዎቹን ለማዋረድ ከቅጥሯ ሥር የወይን ቦታቸውን እየረገጡ የፈረስ ውድድር አካሄዱ፤ ፓሊዮ የሚባለው ይህ ውድድር፣ ስሙን ለአሸናፊው ከሚሰጠው የከበረ ጨርቅ የወሰደ ሲሆን፣ በአስቲ ለዘመናት እየተቋረጠና እየተመለሰ ቀጠለ። በ1932 የአስቲን ፓሊዮ ለማላገጥ አልባዎች በፈረስ ፈንታ አህያ አሰልፈው የራሳቸውን ፓሊዮ ጀመሩ፤ ሰፈሮቹ በመካከለኛው ዘመን ልብስ ተውበው የሚወጡበት፣ ጋላቢው አልሄድም ያለች አህያ ሲገፋ ሕዝቡ በሳቅ የሚፈርስበት ይህ ጨዋታ ዛሬም በጥቅምት መጀመሪያ የትራፍሉን ሰሞን ይከፍታል። የአስቲው ውድድር ግን በ1930ዎቹ ፋሺስቱ መንግሥት የፓሊዮን ስም ለሲዬና ከተማ ብቻ ሲሰጥ ተዳክሞ ቆመ፤ የተመለሰው በ1967 ነው። ፈረሶቹ ያለ ኮርቻ ይጋለባሉ፣ አንደኛ የወጣው ሰፈር ጨርቁን ይወስዳል፣ መጨረሻ የወጣው ደግሞ ሰላጣና አንቾቪ ይሸለማል።

የኢቭሬያ የቅበላ በዓል፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባሉት ቀናት የሚከበረው ካርኒቫል፣ ከላይ የተባለውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። ለሦስት ቀናት ዘጠኝ የእግረኛ ቡድኖች ምንም መከላከያ ሳይለብሱ፣ የተደፈነ የራስ ቁርና ጭንብል አጥልቀው በፈረስ ጋሪ ከሚያልፉት ጋር በብርቱካን ይደባደባሉ፤ ከውጊያው ውጭ መሆን የሚፈልግ ተመልካች ቀይ ቆብ ማድረግ አለበት። ትረካው እንዲህ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ሙሽሮችን በመጀመሪያው ሌሊት እየነጠቀ የሚደፍር ግፈኛ ገዢ ነበረ፤ የወፍጮ ባለቤት ልጅ የሆነች ቪዮሌታ የተባለች ሙሽራ አንገቱን ቆረጠች፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ግንቡን አፈረሰ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በከተማው ዐመፅ ተነሥቶ ግንብ መፍረሱ እውነት ነው። ነገር ግን በበዓሉ ላይ ቪዮሌታ መታየት የጀመረችው በ1858 ሲሆን፣ ይህም ኢጣሊያ ለአንድነትና ለነጻነት በምትታገልበት ዘመን መሆኑ ነው። ቀዩ ቆብ የመጣው ከፈረንሳይ አብዮት ነው። በሰልፉ ፊት የሚሄደው ጄኔራል የመጣው በናፖሊዮን ዘመን፣ ባለሥልጣናቱ የሰፈሮቹን ጠብ ለማብረድ በዓሉን በአንድ ኃላፊ ሥር ባዋሉበት ጊዜ ነው። ብርቱካኑ በኢቭሬያ ስለማይበቅል ከደቡብ ኢጣሊያ ይመጣል፤ በቡድን የሚደረገው ሥርዓት ያለው ውጊያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተደራጀ ነው። የቆየው ልማድ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው፣ የሃይማኖት ማኅበራት በትላልቅ ድስቶች ቦሎቄ ቀቅለው ለድሃው የሚያድሉበት ክፍል ነው፤ ለፎቶግራፍ ስለማይመች ግን ማንም አያወራለትም።

ሳግራዎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ የሚያስደንቀው ብዛታቸው እንጂ ልዩነታቸው አይደለም። የሚያዘጋጇቸው ፕሮ ሎኮ የሚባሉ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ናቸው። በ1974 በአስቲ የተጀመረው የሳግራዎች ፌስቲቫል ወደ 40 የሚጠጉ መንደሮችን በየመስከረሙ ወደ አንድ አደባባይ ያመጣል፤ ነዋሪዎቹ የአያቶቻቸውን የእርሻ ልብስና መሣሪያ ይዘው ከተሰለፉ በኋላ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ምግብ አብስሎ ይሸጣል።

ከዚሁ አካባቢ የተነሣ አንድ አዲስ ሐሳብ ግን ከፒየሞንቴ አልፎ ኢትዮጵያ ድረስ ደርሷል። በብራ ከተማ ተወላጅ በካርሎ ፔትሪኒ መሪነት በ1980ዎቹ የተመሠረተው ስሎው ፉድ የተባለው እንቅስቃሴ በ1996 በቶሪኖ ትልቅ የምግብ ዐውደ ርዕይ፣ በ1997 በብራ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የአይብ ፊዬራ፣ በ2004 ደግሞ ከዓለም ዙሪያ አነስተኛ አምራቾችን የሚያገናኘውን ቴራ ማድሬ የተባለ ጉባኤ ጀምሯል። ድርጅቱ ለመጥፋት የተቃረቡ ምርቶችን ለመደገፍ በሚያካሂደው ሥራ የሐረና ጫካ ቡና፣ የውቅሮ ነጭ ማርና የወንጪ ማር ተካተዋል። አሠራሩ አልባ ላይ ከታየው የተለየ አይደለም፦ ምርቱን ከቦታውና ከሰዎቹ ስም ጋር አስሮ ለሩቅ ገዢ ማሳወቅ።

እነዚህ ሁሉ በዓላት ከክልሉ፣ ከማዘጋጃ ቤቶችና ከንግድ ምክር ቤቶች ድጋፍ ያገኛሉ፤ ሳምንታዊው ገበያ ግን በከተማ ዳርቻ ከተከፈቱት ሱፐርማርኬቶች ጋር ብቻውን ይፎካከራል፤ የሚያረጁት አምቡላንቴዎች ልጆችም ሁልጊዜ ሥራውን አይረከቡም። ፒየሞንቴን ለማየት አንድ ቀን ብቻ ያለው አንባቢ የትራፍሉን ጨረታ ትቶ ማክሰኞ ጠዋት ኩኔዮ ይገኝ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ከደረሰ ግን ነጋዴዎቹ ድንኳናቸውን ማጠፍ ጀምረው ስለሚያገኛቸው ማልዶ መሄድ ይኖርበታል።